ከቤት ፊት ተነስቶ ከቤት ኋላ የገባው «ውስጥ»

ወልቂጤ መናኸሪያ እንደወረድን ለሚጠብቀን ወዳጃችን ደወልንለት።

«የት ናችሁ?»

«እዚህ ነን።»

«እዚህ የት?»

«መናኸሪያው ውስጥ።»

«እኔም መናኸሪያው ጋ ነኝ እኮ! የት ገባችሁ?»

ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ተፈላለግን። እኛ «ውስጥ» ስንል ከአጥሩ ወዲህ ማለታችን ነው። እሱ «ጋ» ሲል መናኸሪያው፣ በሩ፣ ከበሩ ማዶ ያለው ቡና ቤትና ቡና ቤቱ ፊት የቆመው ባጃጅ ሁሉ ተጠቃለው ማለቱ ኖሯል። መጨረሻ ላይ ባጃጁ ጎን ቆሞ ሲያውለበልብ አየነው። በሞባይል ዘመን ከሰላምታ በፊት የሚጠየቀው «የት ነህ?» ሆኗል፤ መልሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ «መንገድ ላይ ነኝ» ነው፤ ተናጋሪው ካልሲውን አልጋ ሥር እየፈለገ ቢሆንም እንኳ። (ይህን የሚያነብ ወዳጃችን ራሱን ያውቃል።)

ወልቂጤ የሄድነው ለሠርግ ነበር። ይዘን የተመለስነው ግን ከሠርጉ ጋር ምንም የማይገናኝ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን የጫሩብን የከተማዋ ሰሌዳዎች ናቸው።

ከመናኸሪያው እስከ ሠርጉ ቤት በእግር ስንሄድ ያነበብነውን እንቁጠር፤ ምግብ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ቡና ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ትምህርት ቤት። እዚህ ሁሉ ላይ «ቤት» መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መጻሕፍት። እዚህ ላይ «ቤት» መጀመሪያ ላይ ወጥቷል። የትኛውም ሰው ግር አይለውም። «ክርስቲያን ቤት» ወይም «ቤተ ምግብ» የሚል የለም፤ ቢል ግን ይገባናል፤ እንስቃለን እንጂ። አንድ መንገድ ላይ፣ አንድ ቋንቋ ውስጥ፣ ሁለት የማይስማሙ ሰዋስዎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። አንደኛው የግዕዝ ነው፤ ባለቤት ያለው ነገር ይቀድማል፣ ባለቤቱ ይከተላል፤ ቤተ ንጉሥ። ሁለተኛው የአማርኛ ነው፤ ባለቤቱ ይቀድማል፤ የንጉሥ ቤት።

እንግዲህ «ውስጥ» የሚባለውን ቃል እንዲሁ እንመልከተው። በግዕዝ ሰው ያለው ውስተ ቤት ነው። «ውስተ» ከፊት፣ «ቤት» ከኋላ። በላይኛው ነገር ላይ ያለው ላዕለ፣ ከታች ያለው ታሕተ ይባላል፤ ሁሉም ከስሙ ፊት ይቆማሉ። ከኢዛና የአራተኛው ክፍለ ዘመን የአክሱም ጽሑፎች ጀምሮ ያለው ግዕዝ እንዲህ ነው። በአማርኛ ግን ሰው ያለው ቤት ውስጥ ነው። ላዕለ «ላይ» ሆኖ፣ ታሕተ «ታች» ሆኖ፣ ውስተ «ውስጥ» ሆኖ ከስሙ ጀርባ ተሰልፈዋል። ቃሎቹ ያው ናቸው፤ የዞሩት ከፊት ወደ ኋላ ነው።

እንዴት ዞሩ? መልሱ ከሰሌዳዎቹ ጋር አንድ ነው። «ውስጥ» መጀመሪያውኑ ስም ነው፤ የአንድ ነገር ሆድ፣ የውስጡ ክፍል። ስለዚህ «ውስተ ቤት» ማለት «የቤት ውስጥ» ማለት ነው፤ «ቤተ ንጉሥ» ማለት «የንጉሥ ቤት» እንደሆነው ሁሉ። ባለቤቱ ከኋላ ወደ ፊት ሲመጣ «ውስጥ» ያለ ምርጫው ወደ ኋላ ተገፋ። «የ» የት ሄደች ለሚል ጠያቂ መልስ አለን። አማርኛ «የ» ላይ ሌላ መስተዋድድ ሲመጣባት «የ»ን ይጥላታል። «የወልቂጤ መናኸሪያ» እንላለን፤ «በ» ሲጨመርበት ግን «በወልቂጤ መናኸሪያ» እንጂ «በየወልቂጤ መናኸሪያ» አንልም። «በቤት ውስጥ» የምንለውም በዚሁ ሕግ ነው፤ በሆዱ «በየቤት ውስጥ» ነበር።

ልብ በሉ፤ አማርኛ የፊተኛውን በር ሙሉ በሙሉ አልዘጋም። «በ»፣ «ከ»፣ «ወደ» አሁንም ከስሙ ፊት ይቆማሉ። በቤት ውስጥ፣ ከቤት ውስጥ፣ ወደ ቤት ውስጥ። ቤቱን ከፊት አንድ ዘበኛ ከኋላ ሌላ ዘበኛ ይዘውታል። የፊተኛው ለሰሚው እንቅስቃሴውን ይነግረዋል፤ እዚያው ነው፣ እየወጣ ነው፣ እየገባ ነው። የኋለኛው ደግሞ የቤቱን የትኛውን ክፍል እንደሆነ ይነግረዋል፤ ውስጡን፣ ላዩን፣ ሥሩን፣ ጎኑን።

አሁን ካርታ ይውጣ። ከሰሜን እንጀምር። ትግርኛ «ኣብ ውሽጢ ገዛ» ይላል። «ውሽጢ» የእኛው ውስጥ ነው፤ «ገዛ» ቤት ነው፤ ውስጡ አሁንም ከቤቱ ፊት ነው፤ እንደ ግዕዙ። ወደ መሃል ስንመጣ አማርኛ «በቤት ውስጥ» ይላል፤ ፊትም ኋላም። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ተነስተን ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎን፣ ወሊሶን ስናልፍ በአውቶቡሱ መስኮት የሚገባው ኦሮምኛ ነው። ኦሮምኛ «ማነ ኬሰ» ይላል። ማነ ቤት፣ ኬሰ ውስጥ። ቃል በቃል «ቤት ውስጥ»። ዛፍ ሥር ለማለት «ሙከ ጀለ» ይላል፤ ሙከ ዛፍ፣ ጀለ ሥር። ቅደም ተከተሉ ከአማርኛው ጋር አንድ ነው። አማርኛና ግዕዝ ዘመድ ናቸው፤ አማርኛና ኦሮምኛ ግን ከሩቅ አያት በቀር አይገናኙም። ሆኖም የቤቱን ውስጥ በሚያስቀምጥበት ነገር አማርኛ የሚመስለው ዘመዱን ሳይሆን ጎረቤቱን ነው።

የቋንቋ ሰዎች ይህን ያዩት ቆየት ብሏል። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ጥናት የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ከኩሽ ቋንቋዎች የወሰዱትን ዘርዝሯል፤ ግስ መጨረሻ ላይ መምጣቱ፣ ባለቤቱ መቅደሙ፣ መስተዋድዱ ወደ ኋላ መሄዱ። ነገሩ ግን ከዝርዝር በላይ ነው። የቃል ብድር ቀላል ነው፤ «ስልክ» እና «ባጃጅ» ለማለት የማንንም ቋንቋ መቻል አያስፈልግም። የቃላትን ሰልፍ መዋስ ግን ሌላ ነው። አንድ ሕዝብ የዓረፍተ ነገሩን ሰልፍ የሚቀይረው ሁለቱንም ቋንቋ በየቀኑ የሚናገሩ ሰዎች በብዛት ሲኖሩ ነው፤ አንደኛውን ከእናት፣ ሌላውን ከጎረቤት፣ ወይም ካገቡበት ቤት፣ ወይም ከገዢ የተማሩ። አማርኛ ከብዕር ጋር የተገናኘው ዘግይቶ ነው፤ ካሉን ቀደምት ጽሑፎች ውስጥ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ለነገሠው ለአፄ ዓምደ ጽዮን የተዘፈኑ የውዳሴ ግጥሞች ይገኙበታል። «ውስጥ» ከፊት ወደ ኋላ የተሻገረበትን ቀን የመዘገበልን ጸሐፌ ትእዛዝ የለም። ምስክሩ ራሱ ዓረፍተ ነገሩ ነው።

እዚህ ላይ ጠብ አለ። ላዮኔል ቤንደር እ.ኤ.አ. በ1983 አማርኛ የተወለደው በሠራዊት ውስጥ ነው ብሎ ጻፈ፤ ሴማዊ ተናጋሪ አዛዦችና ኩሽ ተናጋሪ ወታደሮች ለመግባባት ከፈጠሩት የተቆራረጠ ንግግር። ግርማ አውግቸው ደመቀ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 በአማርኛ አመጣጥ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አልተቀበለም። እኛ እንደ ተራ አንባቢ ስናየው ሚዛኑ ወደ ግርማ ያጋድልብናል። የተቆራረጠ የሠፈር ንግግር በመጀመሪያ የሚጥለው የግስን እርባታ ነው። አማርኛ ደግሞ ሰበረ፣ ሰባበረ፣ ተሰበረ፣ አሰበረ፣ አሳበረ እያለ ሙሉውን ሴማዊ ማሽን ይዞ ይኖራል። በሌላ በኩል ትግርኛም ከአገውና ከሳሆ ጋር ለዘመናት ጎረቤት ሆኖ ውስጡን ከፊት አላነሳም፤ ስለዚህ ጉርብትና ብቻውን ሁሉን አይፈታም። ማን ከማን ጋር፣ በምን ያህል ቁጥር፣ በማን የበላይነት እንደኖረ ይጠይቃል። አንድ ነገር ግን እናርም፤ «አማርኛ የግዕዝ ልጅ ነው» የሚለውን አብዛኞቹ የቋንቋ ሊቃውንት አይቀበሉትም። ግዕዝ ለአማርኛ እናት ሳይሆን አክስት ነው፤ ማስረጃችን የሆነው የአክስት ፎቶ ስላለንና የእናት ፎቶ ስለሌለን ነው።

ይህን ሁሉ በወልቂጤ ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ወልቂጤ አጠገብ ቀቤና አለ። ቡታጅራ አጠገብ ማረቆ አለ። ከሁለቱ በስተደቡብ ሀዲያ አለ። ሦስቱም የደጋ ምሥራቅ ኩሽ ቋንቋዎች ናቸው፤ የቦታ ምልክታቸውን ከስሙ ጀርባ ይለጥፋሉ። በመካከላቸው ቸሃ፣ እዣ፣ ጉመር፣ እነሞር፣ ሙህር፣ መስቃን፣ ክስታኔ የሚባሉት ሴማዊ ቋንቋዎች ይነገራሉ። እነዚህም ልክ እንደ አማርኛ የፊተኛውን ዘበኛ አላባረሩም። «በ» አላቸው። በአማርኛ «ከ» በሚሆንበት ደግሞ «ተ» ይላሉ፤ በቸሃ «ተቤት» ማለት ከቤት ማለት ነው።

አሁን ወደሚያበሳጨን ነገር እንምጣ። አዲስ አበባ ያደግን ሁሉ የጉራጌ ነጋዴ አማርኛ እያጣመመ የሚናገርበትን ቀልድ ሰምተናል፤ እውነቱን ለመናገር ስቀናልም። ከቀልዱ በስተጀርባ ያለው እምነት «ጉራጊኛ የተሰበረ አማርኛ ነው» የሚል ነው። ይህን የሚሉ የተማሩ ሰዎችም አጋጥመውናል። ሮበርት ሄትስሮን እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ምደባ ግን ጉራጌ የሚባለው አንድ ቋንቋ አይደለም፤ አንድ ቅርንጫፍም አይደለም። ስልጢኛ፣ ወለኒኛና ዛይ ከሐረሪ ጋር ሆነው ለአማርኛ ይቀርባሉ። ቸሃና ክስታኔ ያሉበት ወገን ሌላ ቅርንጫፍ ነው። በዚህ ምደባ ከሄድን ሐረር ጀጎል ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ከቸሃ ይልቅ ለአማርኛ ይቀርባል ማለት ነው። ቸሃ የተሰበረ አማርኛ ሊሆን አይችልም። ሁለቱ የተለያዩት ማንም ማንንም ሊሰብር ከመቻሉ በፊት ነው።

አንድ ቃል ብቻ እንውሰድ። በግዕዝ «ነበረ» ማለት ተቀመጠ ማለት ነው። «መንበር» መቀመጫ ነው። አማርኛ መንበርን «ወንበር» አደረገውና ሳሎን አስገባው። «ነበረ»ን ደግሞ ሁለት ቦታ ከፈለው፤ አንዱ «ነበረ» ሆኖ ላለፈ ነገር ቀረ፤ ሌላው «ኖረ» ሆኖ ዕድሜ መቁጠሪያ ሆነ። ቸሃ በዚሁ ሥር ላይ የራሱን ሥራ ሠራ፤ «ነረ» አለው፤ ትርጉሙም ዛሬ «አለ» ማለት ነው። እኛ «አለ» የምንለው ከግዕዙ «ሀሎ» የመጣ ነው። ማለትም አንድ አማራና አንድ ቸሃ ጎን ለጎን ቆመው «ቤት ውስጥ ሰው አለ» ቢሉ ቸሃው «አለ» ለማለት የተጠቀመበት ቃል ሲመረመር «ተቀምጧል» ይላል። አንዱ ከሌላው አልኮረጀም።

ስለ «አለ» ከተነሳ አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። በር አንኳኩታችሁ «አባትህ አለ?» ብትሉ ልጁ የሚገባው «ቤት ነው?» የሚል ጥያቄ ነው። ቦታ አልጠራችሁም፤ እሱ ግን ቦታውን ሞላው። «የለም» ካለ ወጥቷል ማለት ነው። ይኸው «የለም» ለቅሶ ቤት ሲነገር ሌላ ነው። «ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው» ስትሉ ሰሚው ቁልፉን ያውቀዋል፤ የት እንዳለ ብቻ ነው የጨመራችሁለት። «ጠረጴዛው ላይ ቁልፍ አለ» ስትሉ ግን ቁልፉ ራሱ አዲስ ወሬ ነው። ማንም ይህን አላስተማረን፤ ግን ማናችንም አንስተውም።

እኛ ከቤቱ ፊትና ኋላ ዘበኛ አቁመን የምንነግረውን ነገር ሌሎች በሌላ መንገድ ይሠሩታል። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 የሥራ ቋንቋው ያደረገው ስዋሂሊ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ስዋሂሊ ስሞቹን በመደብ ይከፋፍላል፤ ለሰው አንድ፣ ለዛፍ አንድ፣ ለቁስ አንድ እያለ። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ መደቦች የቦታ ናቸው። «ፓ» ለተወሰነና ለታወቀ ቦታ፣ «ኩ» ለሰፊው ወይም ለሩቁ፣ «ሙ» ለውስጥ። ቤት «ኙምባ» ነው፤ መጨረሻው ላይ «ኒ» ሲጨመር «ኙምባኒ» ይሆናል፤ ቤት መሆኑ ቀርቶ ቦታ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቃል ሁሉ ይገዛለታል። «ኙምባኒ ፓንጉ» እቤቴ፣ እዚያችው ቦታ፤ «ኙምባኒ ክዋንጉ» በእኔ ቤት ወገን፤ «ኙምባኒ ምዋንጉ» በቤቴ ውስጥ። ሰው ያለበትን ሲናገሩም «ዩፖ»፣ «ዩኮ»፣ «ዩሞ» ይላሉ፤ ሦስቱም «አለ» ናቸው፤ ግን አንዱ እዚህችው ነው፣ አንዱ እዚያ አካባቢ ነው፣ አንዱ ውስጥ ነው። ወዳጃችን ስዋሂሊ ቢናገር ኖሮ መናኸሪያው ላይ ሩብ ሰዓት ባልተንከራተትን ነበር፤ እኛ «ሙ» ስንል እሱ «ኩ» ማለቱ ገና ከግሱ ይሰማ ነበርና።

አማርኛ ግን ምስኪን አይደለም። «የተወለድኩበት»፣ «ያደግንበት»፣ «የወደቀበት» ስንል ያቺ «በት» ቦታውን ግሱ ጭራ ላይ ትሰፋዋለች። ስዋሂሊም «የተወለድኩበት ቦታ» ለማለት «ማሃሊ ኒሊፖዛሊዋ» ይላል፤ «ፖ» የእኛ «በት» ናት፤ ግሱ ሆድ ውስጥ ገብታ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሰውን ቦታ የማድረግ ጉዳይ ነው። ወልቂጤ በስሟ ብቻ ቦታ ናት፤ «ወልቂጤ ነኝ» ብንል ይበቃል። እናታችን ግን ቦታ አይደለችም፤ «እማዬ ነኝ» ብንል ሌላ ነገር ይሆናል። «እማዬ ጋ ነኝ» ስንል ግን እናታችን ቤቷን፣ ምድጃዋንና ቡናዋን ይዛ ቦታ ትሆናለች። ስዋሂሊም «ክዋ ማማ» ብሎ ይህንኑ ያደርጋል። ያ መናኸሪያ ላይ ያማረርንበት «ጋ» እዚህ ጋ ሲደርስ እንወደዋለን።

ወደ ቡታጅራ የሄድነው ከሳምንታት በኋላ፣ በሌላኛው መንገድ፣ በጢያ፣ በቡኢና በኬላ አድርገን ነው። ያረፍነው አንድ ባልንጀራችን ጋ፣ እናቱና አያቱ ባሉበት ቤት ነው። አያቱ መስቃንኛ ይናገራሉ፤ አማርኛ ይሰማሉ፣ ግን አይመርጡትም። እናቱ ሁለቱንም ይቀያይራሉ። እሱ ይሰማል፤ የሚመልሰው በአማርኛ ነው። ታናሽ እህቱ ደግሞ ስትጠራ ብቻ ትሰማለች። በአንድ ምንጣፍ ላይ ሦስት ትውልድ እንዲህ ተደርድሯል። ይህን ለማየት የግድ ቡታጅራ መሄድ አያስፈልግም፤ መርካቶ ወይም ሰባተኛ አካባቢ ያደገ ሁሉ በቤቱ አይቶታል።

የሚገርመው፣ እነዚህ ቋንቋዎች ብዙ የተጻፈላቸው ከአገር ውጭ ነው። ሌስላው በሦስት ቅጽ ያዘጋጀው የጉራጌ ቋንቋዎች የቃላት ሥር መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ጀርመን ነው። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ የጻፈው ልብ ወለድ ለአንባቢ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት፣ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት ነው። ለጉራጊኛ ድምፆች የሚያስፈልጉት ተጨማሪ ፊደሎች ኮምፒዩተርና ስልክ በሚጠቀሙበት በዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገቡት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ፊደሉ ስልኩ ውስጥ ሲገባ ባልንጀራችን በስልኩ ለአያቱ የሚጽፍላቸው ነገር አልነበረውም።

ከምሳ በኋላ አያትየው አንድ ዕቃ ፈልገው የልጅ ልጃቸውን አዘዙት። ረዘም ያለ ነገር ነው የተናገሩት፤ እጃቸውም አብሮ ሄደ፣ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ጥግ። እሱ ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ። ባዶውን ተመለሰ።

«ምን አሉህ?» አልነው።

«እዛ ጋ ነው አሉኝ።»

«እዛ የት?»

ወደ እሳቸው ዞሮ በአማርኛ ጠየቃቸው። እሳቸውም ያንኑ ቃል በቃል ደገሙለት፤ አሁን ቀስ አድርገው። እናቱ ከምድጃው ሥር ሆነው ሳቁና ተነስተው አመጡላቸው።